እትዬ ቀይ እና የጠፉት እንቁላሎች

ዶሮዎቹ የሚጥሉበት ሳጥን ባዶ ነው። ክብሪት እጇን እስከ ክርኗ ድረስ አስገብታ ገለባውን ብታገላብጠው፣ ጥግ ጥጉን ብትዳብሰው፣ ምንም የለም። የዶሮ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ከራሷ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

«እንዴ?» አለች ለብቻዋ። አምስቱን ዶሮዎች አየቻቸው። እነሱም ምንም እንዳላጠፋ ሰው ቀና ብለው አዩአት።

ነገሩ እስከ ዛሬ ግልጽ መስሏት ነበር። ዶሮዎቹ ለአንድ ወር በየቀኑ ሦስት አራት እንቁላል ሲጥሉ ከርመው፣ በዚህ ሳምንት እንቁላሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቁልፉ የነበረው ሁለት ሰው ጋ ብቻ ነው፤ እሷ ጋና ሽቦ ጋ። ሽቦ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ቤታቸውም ከአጥሩ ማዶ ነው። ሽቦ የተባለችው ቀጭን ስለሆነች ነው። ክብሪት ለምን ክብሪት እንደተባለች ግን ማብራራት አያስፈልግም፤ ቶሎ ትቀጣጠላለች። ትናንት ሐሙስ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሃል ቆማ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «እንቁላሎቹን የት እያደረስሻቸው ነው? አንቺ ሌባ!» ብላ ጮኸችባት።

ሽቦ አልተከራከረችም። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላትና «በይ አንቺው ጠብቂያቸው» ብላት ሄደች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሽቦ ቁልፍ የላትም። እንቁላሉም የለም። ታዲያ ማን ወሰደው?

ያሳሰባት ይህ ብቻ አልነበረም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቆርጣ የጣለችውን ነገር መልሳ አትሰፋም። «ተሰረቀም፣ አልተጣለም፣ ለኔ ያው ባዶ ሳጥን ነው» ብላ ነበር። «እስከ ቅዳሜ እንቁላል በዓይኔ ካላየሁ ዶሮ ነጋዴው መጥቶ አምስቱንም ይወስዳቸዋል። እኛ እየራበን ለዶሮ መኖ የምንገዛ ሀብታሞች አይደለንም።»

ቅዳሜ ማለት ነገ ነው። ዶሮዎቹን ደግሞ ሁለቱ ልጆች ናቸው ገና ሳይጥሉ በካርቶን ተሸክመው ያመጧቸው። ቤታቸውን የሠሩላቸውም ከተጣለ ቁም ሳጥን ነው። በሩን ነቅለው ወንፊት ሽቦ መቱበት፤ እርጥበት እንዳይነካው አራት ጡብ ላይ አቆሙት፤ የሚያድሩበትን ቆጥ ከመጥረጊያ እንጨት ሠሩላቸው። ክብሪት ያኔ አውራ ጣቷን በመዶሻ መትታ ሳምንት ሙሉ ስታነክስ፣ ሽቦ «በጣትሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» እያለች ትስቅባት ነበር።

መምህራኑ ስብሰባ ስላላቸው ትምህርት የዋለው ግማሽ ቀን ነው። ክብሪት ባልዲ ደፍታ ዶሮ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጠችበት። «ዛሬ ሌባውን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም!» አለች። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ለእሷ ቅጣት ነው፤ ግን ተቀመጠች።

እትዬ ቀይ ወደ ሳጥኑ ገባች። እትዬ ቀይ ከአምስቱ ትልቋ ናት፤ እኔ ካልቀመስኩት ማንም አይቀምስም ባይ፣ ሌሎቹን ከመኖው ገፍትራ የምትበላ እመቤት። ገለባው ላይ ተመቻችታ ቁጭ አለች። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ስትነሳ ከሥሯ ቡናማ፣ የሚያምር እንቁላል ታየ።

ክብሪት ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። እትዬ ቀይ ዞር አለች። እንቁላሉን በአንድ ዓይኗ አየችው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በሌላኛው አየችው። ከዚያ በመንቁሯ ቋ!

«አንቺ! ኧረ የራስሽን!»

ሌሎቹ አራቱ ድግስ እንደተጠራ ሰው እየተጋፉ ደረሱ። ክብሪት በሩን ከፍታ እጇን እስክታስገባ ድረስ ቅርፊቱ እንኳ አልቀረም። የቀረው ትንሽ እርጥብ ገለባ ነው። ያ እርጥበት ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነበር፤ እሷ ግን ውሃ ደፍተውበት ነው ብላ አልፋዋለች። ወይኔ ጉዴ! ሽቦን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ወደ መኖ ቤቱ በረረች። መኖ የሚሸጡት ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀልድ የሚወዱ አሮጊት ናቸው። ትንፋሽዋን እስክትሰበስብ ጠብቀው አዳመጧትና ይጠይቋት ጀመር።

«ምንድን ነው የምታበሏቸው?»

«ከእርስዎ የገዛነውን ነው እማማ፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮዎችን መኖ።»

«ውሃስ?»

«ጠዋትና ማታ እንቀይራለን።»

«ጎሽ። ለቅርፊቱ ጥንካሬስ ምን ትጨምራላችሁ?»

«የተበላውን እንቁላል ቅርፊት መልሰን እንሰጣቸዋለን።»

«ፈጭታችሁ ነዋ?»

ሽቦ ትፈጨዋለች። ቅርፊቱን ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በድንጋይ አድቅቃ፣ ከመኖው ጋር ታደባልቀዋለች። ክብሪት ግን ተራዋ ሲደርስ ማን ቁጭ ብሎ ይፈጫል! «ሥራ ፈት ነሽ እንዴ? መንቁር የተሰጣቸው ለምን ሆነና!» እያለች ለሁለት የተከፈለውን ቅርፊት እንዳለ ወርውራ ትሮጣለች። አንዳንዴም ውስጡ ሳይታጠብ።

«እኔ... እንዳለ ነው የምወረውርላቸው።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «አይ ልጄ! አስተምረሻቸዋላ! ቅርጹን ሳታጠፊ ስትሰጫቸው እንቁላል ምግብ ነው አልሻቸው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ሲባል አልሰማሽም? የነዚህን ካራ ግን ያቀበልሻቸው አንቺ ነሽ።»

«አሁን ምን ይሻላል? ነገ ሊወሰዱ ነው!» እንባዋ መጣ።

«አታልቅሺ። እንቁላሉን ካላየችው አትነካውም። የሳጥኑ ወለል ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ እንደጣለችው ተንከባሎ በቀዳዳ ይውጣ። ውስጡም ጨለም ይበል። ብቻ አትጣደፊ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ያንቺ ደግሞ በጀርባው ይሂድ!»

ክብሪት ቤት ገብታ የፍራፍሬ ሳጥን አገኘች። ወለሉን ወደ ኋላ አዘንብላ ቁራጭ ምንጣፍ አነጠፈችበት፤ ከእናቷ የብጣሽ ጨርቅ ከረጢት ጥቁር ጨርቅ መዝዛ በሩ ላይ ጋረደች። ከኋላው ቀዳዳ ቆርጣ እንቁላሉ የሚያርፍበት መደርደሪያ መታችበት። ከዚያ ኩሽና የቀረችውን አንዲት እንቁላል አምጥታ ሞከረችው። እንቁላሏ ቁልቁል ሮጣ ከእንጨቱ ጋር ተላተመችና ተሰበረች።

ሌላ ቀን ቢሆን ሳጥኑን በእርግጫ ትለው ነበር። ዛሬ ግን ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀለች። የወለሉን የፊት ጫፍ በጣት ያህል ዝቅ አድርጋ በክንዷ ደግፋ መታች፤ አሁንም ተንሻፈፈ፤ እንደገና ነቀለች። ሽቦ ብትኖር በሌላ በኩል ትይዝላት ነበር። ሽቦ ናፈቀቻት፤ በጣም ናፈቀቻት። በድንች ሞከረች፣ በሎሚ ሞከረች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሎሚው ያለ ድምፅ ተንከባሎ መደርደሪያው ላይ ያነጠፈችው ጨርቅ ላይ አረፈ። መደርደሪያውን በሌላ ጨርቅ ሸፍና፣ የድሮውን ሳጥን አውጥታ አዲሱን በቦታው ተከለችው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዶሮ ነጋዴው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ በሩን አንኳኳ። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«ግባ ወንድሜ፤ ከዚያ ጥግ ናቸው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ! እማዬ በናትሽ፣ ትንሽ ብቻ!» ክብሪት ዶሮ ቤቱን በጀርባዋ ከለለች። «እትዬ ቀይ ገብታለች!»

ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ከመጋረጃው ውስጥ ቱር የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። እትዬ ቀይ ተነስታ ዞር አለች። የለም። ምንጣፉን ጫረችው። የለም። ከመጋረጃው ብቅ ብላ ሌሎቹን በተራ በተራ አየቻቸው፤ ማነው የወሰደው ብላ ልታፋጥጣቸው ምንም አልቀራት። ነጋዴው ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ።

ክብሪት ከኋላ መደርደሪያውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠችው። አንድ አይደለም፤ ሦስት! ሁለቱ ጠዋት የተጣሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ገና ይሞቃል። አንዱም አልተሰነጠቀም።

«እማዬ! እዪው! እዪው!» እየዘለለች ጮኸች። ጩኸቷን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።

እናቷ የሞቀውን እንቁላል ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። «ወይ የኔ ልጅ! ይህን ሁሉ በእጅሽ?» ቀጥላም ራሷን ነቀነቀች። «አየሽ? ቁልፉ ከዚያች ልጅ እጅ ሲወጣ እንቁላሉ ተመለሰ። ቆይ፣ እናቷን ሳገኛት ልጅሽን ምከሪ እላታለሁ።»

የክብሪት ዝላይ ቆመ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዛሬ የተገኘው፣ ነገ የሚገኘው እንቁላል ሁሉ ሽቦን ሌባ የሚያሰኝ ምስክር ይሆናል። ብትናገር ደግሞ ነጋዴው ከነቅርጫቱ ገና አልሄደም፤ እናቷም የተበላሹ ዶሮዎች ምን ያደርጉልኛል ልትል ትችላለች።

«እማዬ፣ ሽቦ አልሰረቀችም።»

«ምን አልሽ?»

«ራሳቸው ናቸው የሚበሉት። ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ፍጪው ስትለኝ አልፈጭም ብዬ ቅርፊቱን እንዳለ ስወረውርላቸው ነበር።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ የትናንት በስቲያውን ስድቧንም ሳታስቀር።

እናቷ ሳጥኑን አየች፤ ልጇን አየች።

«እና እመቤቴ፣» አለ ነጋዴው፣ «ልጫናቸው ወይስ ልሂድ?»

«ምኑን ነው የምትጭነው? እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች እኮ ናቸው! ሂድ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።» ከዚያ ወደ ክብሪት ዞረች። «አንቺ ግን...»

ክብሪት ከበሩ ወጥታለች።

ሽቦ በራፏን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ክብሪት የሆነውን ሁሉ ነገረቻትና «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት።

«ቅርፊቱን ፍጪው አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። መቶ ጊዜ።»

«እዚህ በራፌ ላይ ይቅርታ ማለት ቀላል ነው» አለች ሽቦ። «ሌባ ስትይኝ ግን ክፍሉ ሁሉ ነው የሰማው።»

ክብሪት የሰኞውን ግቢ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ሳቁና ፉጨቱ ከወዲሁ ተሰማት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚለጠፍባትን ስም መገመትም አላቃታትም።

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ሁሉም እየሰማ።»

ሽቦ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። «እስቲ እናያለን። ለአሁኑ ሳጥኑን አሳዪኝ፤ አንቺ የመታሽው ሚስማር ሳይጣመም አይቀርም።»

ሰኞ የእረፍቱ ደወል ሲደወል ክብሪት ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ተነሳች። በግቢው መሃል አልፋ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከሐሙሱ አብልጣ ጮኸች፦

«ስሙኝ! ሁላችሁም ስሙኝ!»