ኔትወርክ ያለው ክፍል

መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማችው። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ቀጭን ጩኸት «ሁ... ሁዋ... ሁዋዋዋ...» እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተሰባብሮ ቁልቁል ወረደ። ወዲያው ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ልጅቷ አንድ እግሯን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ የጥርስ ሐኪሙም፣ የልብስ ስፌት ማሰልጠኛውም ዘግተው ሄደዋል። ፎቁ ላይ ከዚያ ድምፅ በስተቀር ሰው ያለም አይመስል።

የጉዞ ቢሮውን በር ስትከፍት ሴትዮዋ ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳለች።

«ነይ፣ ግቢ! ሰማሻቸው? ዛሬ ጠዋት ነው ከማረፊያው ቀድተው የላኩልኝ። ጎህ ሲቀድ ዛፍ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እንዲህ ይዘፍናሉ አሉ።»

«ጊቦኖች ናቸው» አለች ልጅቷ። «ጦጣ ይመስላሉ እንጂ ጭራ የላቸውም። ክንዳቸው ከእግራቸው ይረዝማል።»

«አንቺ እኮ ልታስተምሪኝ ነው የምትመጪው!» ሴትዮዋ ሳቀች። «አባትሽስ?»

«መኪና እያቆመ ነው።»

በስልክ ያላት እንደዚያ ነው። «መኪና እያቆምኩ ነው» ማለት ግን ገና ከራሱ ቢሮ አልወጣም ማለት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ቦርሳዋን ታቅፋ የተለመደው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ያንቋርራል። ስለዚህ አልተንቀሳቀሰችም።

አባቷ ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ስራው እየሰፋ፣ መኪናው እየተቀየረ፣ ቅዳሜዎቹ እያጠሩ ሄደዋል። ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ያለፈች ቀን ደውሎ፣ «በይ ጉጉቴ፣ ከዓለም ላይ አንድ ቦታ ምረጪ። አትፍሪኝ፣ ውዱን ምረጪ!» አላት። ጉጉት ያላት እሱ ነው፤ ሕፃን ሆና ሌሊት ዓይኗን አፍጥጣ አልተኛም ስለምትል። እሷም ጊቦኖች ያሉበትን፣ ዝናብ የማይለየው ጫካ የለበሰውን ደሴት መረጠች። «እኔና አንቺ ብቻ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ» አለ። እነዚያን ሁለት ቃላት፣ «እኔና አንቺ»ን፣ ትራሷ ስር አድርጋ ተኛች ማለት ይቻላል።

እናቷ የስራ ልብሷን እየተኮሰች ሰማቻት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ካውያውን አንገትጌው ላይ ረገጥ አደረገችው። ትምህርት ቤት ደግሞ፣ አንድ ወንበር የምትጋራት ልጅ ሳትቀር፣ «አቦ አትሸውጂን! አባትሽን ሳናየው ደሴት ታሳዪን?» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችባት። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ነው የምትውለው። እዚያ ዝም ያለ ሰው ምን ሆንክ ተብሎ አይጠየቅም።

አባቷ ልጄ በእንስሳት ፍቅር ያበደች ናት ብሎ ያምናል፤ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። እውነቱ ሌላ ነው። ትንሽ እያለች፣ ማታ ማታ የእንስሳት ፕሮግራም ሲጀምር አባቷ ሶፋው ላይ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ፕሮግራሙ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ክንዱ ግን ትከሻዋ ላይ ይቀራል። አዞ ስንት ጥርስ እንዳለው፣ ጊቦን እንዴት እንደሚዘል ያጠናችው፣ ነቅቶ ሲጠይቃት መልስ እንዲኖራትና «እስቲ ይህንንም እንይ» እንዲል ነው። እሱ ታዲያ እንስሳቱን ነው የያዘው።

«ጉጉቴ!»

አባቷ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሁለት ስልክ በአንድ እጁ ይዟል። ግንባሯን ሳመና፣ «ምንድነው ይሄ ቁመት? ሳምንት ሳላይሽ መቃ ሆንሽ እኮ!» አላት።

«ሁለት ሳምንት።»

«እንዴ፣ ሁለት ሆነው?» ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እህቴ፣ የት ደረስን?»

«ጥሩ ላይ ነን። ያሉት የግል ጀልባ ተይዟል። አስጎብኚዋም የግል ናት።»

«ጎበዝ ናት? ከልጄ ጎን የማትለይ መሆን አለባት።»

«አትለይም። ማለዳ ወደ ወፎቹ፣ ከሰዓት ወደ ወንዙ እሷ ናት የምትወስዳት። ምግብ አብሳዩም ቁርስ ክፍሏ ድረስ ያመጣላታል።»

«እንዲህ ነው እንጂ ነገር!» አባቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ልጅቷ በልቧ ቆጠረች። ጀልባው የተጨመረ ቀን አባቷ ባሕር ያጥወለውለኛል አለ። አስጎብኚዋ ስትጨመር፣ ማለዳ መነሳት ለእኔ አይሆንም አለ። ምግብ አብሳዩ ሲጨመር ቁርስ አብሮ መብላት ቀረ። በጉዞው ላይ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር አባቷ ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል።

ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክፍሉን በተመለከተ... ደውለው እንደነገሩኝ ሁለት አድርጌዋለሁ።»

«ሁለት?» አለች ልጅቷ። ወንበሩ አንቋረረ።

«ኔትወርክ ነው ነገሩ፣ ጉጉቴ» አለ አባቷ፣ አንዱን ስልክ እየገለበጠ። «ጫካው ውስጥ ያለው ቤት ኔትወርክ የለውም አሉ። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ከጠፋሁ ዕቃዬ ጉምሩክ ላይ በቅሎ ነው የሚጠብቀኝ። አስቢው እስቲ፣ ቤቱ በሙሉ የአንቺ! ከአልጋሽ ሳትወርጂ ጦጣዎችሽን ታያለሽ። ማን ያገኘዋል ይሄንን? እኔም እዚያው ነኝ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ። እራት አብረን እንበላለን።»

«በየቀኑ?»

«ስራ ካልያዘኝ።»

ሴትዮዋ ብዕሯን ከፍታ ዘጋችው። እሷ የምትሰራበት የራሷ ዘዴ አላት። «ፎቶ ይዋሻል፤ የሁሉም ባሕር ሰማያዊ ነው» ትላለች። አንድ ደንበኛ ከውድ ክፍል ተመልሶ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ከጮኸባት ወዲህ፣ ማረፊያዎቹ የየክፍሉን ድምፅ ቀድተው እንዲልኩላት ታደርጋለች። ደንበኛ ክፍሉን አይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነው የሚመርጠው።

«እትዬ፣ የአባዬን ክፍል ያሰሙኛል?» አለች ልጅቷ።

አባቷ ሳቀ። «የእኔን? የእኔ ክፍል ምን ይሰማል ብለሽ ነው! እኔ እንኳን ከጊቦን ከራሴ ማንኮራፋትም አልተስማማሁ...» ስልኩ ጮኸ። ስሙን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ይቺን ብቻ። እህቴ፣ ዛሬ ካልተያዘ ሰው ይወስደዋል አላልሽም? በቃ አረጋግጪው» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ሴትዮዋ ድምፁን ከፈተችው።

ጄኔሬተር ያጓራል፤ ሳይቸኩል፣ ሳያርፍ። በር ተከፍቶ ይዘጋል። ስኒ ከስኒ ይጋጫል። ሩቅ ሆኖ ስልክ ይጠራል፤ አንድ ሰው በማይታወቅ ቋንቋ ፈጠን ፈጠን እያለ ያወራል። ወፍ የለም፣ ዝናብ የለም።

ልጅቷ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። አባቷ በደወለላት ቁጥር «እንዴት ነሽ፣ ትምህርት እንዴት ነው»ን ተሸክሞ ከኋላው የሚመጣው ድምፅ ይኸው ነው። ደሴቱ ድረስ ቀድሟት ሄዷል።

«ላረጋግጠው?» ሴትዮዋ ጣቷን ማውሱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «ልጄ?»

ጊቦኖቹ እውነት ናቸው። ከሄደች ከዛፍ ዛፍ ሲወረወሩ በዓይኗ ታያቸዋለች። ፎቶ አንስታ ትምህርት ቤት ብታሳይ የሳቁባትን ሁሉ አፋቸውን ታዘጋቸዋለች። አባቷም ደስ ይለዋል፤ ለልጄ ያላደረግኩት ነገር የለም ብሎ ለሰው ይናገራል፤ ውሸትም አይሆንም። ማታ ማታ ግን ከአስጎብኚዋ ጋር ተቀምጣ፣ ከዛፎቹ ማዶ የሚበራውን የአባቷን መብራት ታያለች። ከቤት ቤት መራራቅን ለምዳዋለች። ከአንድ ክፍል እስከ ሌላ ክፍል ያለውን ግን እንዴት ነው የምትችለው?

«አያረጋግጡት» አለች።

«እንዴ! ይሄን ሁሉ ለፍተን?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ እጇን ከማውሱ አንስታ ድምፁን ዘጋችው። «አባትሽን ምን ልበላቸው?»

ልጅቷ የሚባል ነገር ፈለገች፤ የመጣላት ሁሉ ወይ ስድብ ይመስላል፣ ወይ ልመና። አንዱም የእሷ አልነበረም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

አባቷ ኮሪደሩ መጨረሻ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የእግሯን ኮቴ ሰማ፤ ሳይዞር አመልካች ጣቱን ወደ ላይ አቆመ። አንድ ደቂቃ፣ ማለቱ ነው።

ቆመች። ጣቱን አየችው። መስኮቱ ላይ እንደተለጠፈ ነገር ፀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥፍሩ በንጽሕና ተቆርጧል።

«አዎ፣ አዎ» ይላል አባቷ ስልኩን። «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው።»

በጀርባው በኩል አልፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።