ለአለነ የተቃኘ በቀል

የትነበርሽ አለነን ገና ከሱቁ በር ሲገባ አወቀችው። እሱ አላወቃትም። ያ ብቻውን ደሟን አፈላው።

ጎንደር ፒያሳ፣ የሙዚቃ ዕቃ በሚከራይበት ሱቅ ውስጥ ነበር። እሷ ለሠርግና ለመድረክ ስፒከርና የድምፅ መቆጣጠሪያ ሚክሰር ይዛ የምትወጣ የሱቁ የድምፅ ባለሙያ ናት። አለነ ከባጃጅ ያወረደውን ከባድ ሳጥን ወለሉ ላይ አሳርፎ ግንባሩን ጠረገ።

«ስቲል ጊታር ነው» አለ። «ማጉያው አምፕ ላይ ስሰካው ቆርቆሮ በሚስማር የሚፋቅ ነው የሚመስለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ አዳራሹ ውስጥ እጫወታለሁ። ሸጋ ጆሮ ያላት ልጅ እዚህ አለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ስምህ ማን ነው?» አለችው፣ እያወቀች።

«አለነ። የትክል ድንጋይ ልጅ ነኝ። አንቺስ?»

«የትነበርሽ።»

ስሙ ምንም አላስታወሰውም። ከአምስት ዓመት በፊት ከአንድ ባንድ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስትወጣ «ማሬ» ነበር የተባለችው። የባንዱ መሪ ጌትነት ያወጣላት ስም ነው።

ያን ቀን እናቷ ወይዘሮ ልዕልት ከቁስቋም ድረስ መጥተው፣ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው የፊቱ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እንድትዘፍን የፈቀዱት ከስንት ልመና በኋላ ነው። ሁለተኛውን ስንኝ ስትጀምር ስፒከሩ መጮኽ ጀመረ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። የድምፁን መሣሪያ የሚቆጣጠረው አለነ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ግን አልነበረም። ውጭ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ይስቃል። ሰዉ አፏጨ፣ ሳቀ፣ ጮኸ። እናቷ አንገታቸውን ደፉ።

ይኼ እንኳ ባለፈ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ስታለቅስ ግን ጌትነት ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀውና አለነ ሲመልስ ሰማች። «እሷ ናት ማይኩን ስፒከሩ ፊት የወሰደችው። ድምጿም ቢሆን ለመድረክ አይሆንም።» ከዚያ ቀን ወዲህ የጠራት የለም። እሷም ዘፍና አታውቅም።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ና» አለችው። «ድምፁን አብረን እንፈልገዋለን።»

ያሰበችው ቀላል ነበር። ድምፁን ከሁሉ አሳምራ ትሠራለታለች። እንዲያምናት፣ ያለሷ ጆሮ መጫወት እንዳይችል ታደርገዋለች። እሑድ አዳራሹ ሲሞላ ሚክሰሩ ላይ ሆና ስፒከሩን በአንዲት ጣቷ ታስጮኸውና እንደ እናቷ አንገቱን ሲደፋ ታየዋለች።

በማግሥቱ ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል መሣሪያውን ዘረጋው። አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ይመስላል። ተጫዋቹ ከፊቱ ይቀመጥና በግራ እጁ ለስላሳ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ እግሩ ፔዳል ሲረግጥ ክሩ ይወጠርና ድምፁ ይታጠፋል። ከተማው ውስጥ ሙዚቃ ያስተምሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄዱ የሰጡት ነው።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈልገው?»

አለነ አሰበ። «ሰው አልቅሶ አልቅሶ ሲበቃው መጨረሻ ላይ የሚወጣው ድምፅ አለ አይደል? እሱን።»

የትነበርሽ ፊቷን ወደ አምፑ አዞረች። ያን ድምፅ ከእሱ በላይ ታውቀዋለች።

«መጀመሪያ ይኼን የማስተጋቢያ ሪቨርብ ቀንሰው። ድምፅህን ዋሻ ውስጥ ቀብረኸዋል። ቀጭኑን ድምፅ፣ ትሬብሉንም ዝቅ አድርገው፤ የሚወጋህ እሱ ነው። የሰው ድምፅ ያለው መሀሉ ላይ ነው፣ ሚዱን ጨምር።» አምፑን ከወለል አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «መሬት ላይ ሲሆን ቤዙ ይንጎራጎርብሃል።»

አለነ አንድ ክር ነካ። ድምፁ ወፈረ፣ ግን ገና ነው። ድምፁን የሚደጋግመውን ዲሌይ አሳጥራ እንደገና አስመታችው። ብረቱ ሲንሸራተት አንዱ ድምፅ ሌላው ላይ መደረቡን ተወ።

በሦስተኛው ቀን በባቲ ቅኝት ሲጫወት አንዲት ቦታ አልታጠፍ አለችው። የትነበርሽ ሳታስበው በአፏ አሳየችው፤ አጭር ማንጎራጎር፣ ከሦስትና ከአራት ድምፅ የማይበልጥ። አለነ ብረቱን አነሣ። ቀና ብሎ ፊቷን አያት።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም። ድገሚልኝ።»

«ሰምተኸዋል።»

ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ቀልዱ ቀነሰ፣ ቀድሟት መምጣት ጀመረ። ገመዶቹን ጠቅልሎ፣ ወንበሯን ጠርጎ ይጠብቃታል። ያለችውን ሁሉ ያደርጋል። አንድ ቀን ፔዳሉ ሥር ያለውን ብሎን ለማጥበቅ ሁለቱም ሲያጎነብሱ ትከሻቸው ተነካካ፤ ማናቸውም ፈቀቅ አላሉም። የትነበርሽ ቤቷ ስትገባ ትከሻዋ ገና ይሞቃል። በራሷ ተናደደች። «ለእሱ ነው እንዴ የምሸነፈው?» አለች ለብቻዋ፣ እጅ እግሯን እየታጠበች።

ቅዳሜ ማታ እናቷ እራት እያቀረቡ «ነገ ደግሞ የማንን ልጅ ልታስጨፍሪ ነው?» አሉ። «ያንቺስ ያው ቀረ። ያን ቀን ተዋርጄ ስገባ ከጎረቤት ዓይን የምሸሸግበት ነበር ያጣሁ።»

የትነበርሽ ሳህኑን ተቀበለቻቸው። ሲላላ የሰነበተው ልቧ እንደገና ጠነከረ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አለነ አሁን የሚጫወትለት ጌትነትም ከባንዱ ጋር ነበር። አለነ ሲጀምር ሰዉ ጸጥ አለ። ድምፁ ልክ እንደሠራችው ወጣ፤ ሞቅ ያለ፣ ጫፉ የማይወጋ፣ ጉሮሮ ያለው ድምፅ። ፊት ረድፍ ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። የትነበርሽ ጣቷን ሚክሰሩ ላይ አድርጋ አየቻቸው። የእናቷ ቦታ ነበር።

የድምፁን ቁልፍ ወደ ላይ ገፋችው።

ጩኸቱ አዳራሹን ሰነጠቀው። ሰዉ ጆሮውን ያዘ፣ ከኋላ ፉጨት ተነሣ፣ ከዚያ ሳቅ። የትነበርሽ አልቸኮለችም። ያኔ እሷ ላይ የቆየውን ያህል አቆየችው።

አለነ ብረቱን ክሮቹ ላይ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ መደናገጥ አልነበረም። አንገቱንም አልደፋም። ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

እሷ ናት ቁልፉን የመለሰችው።

ጌትነት እየሮጠ መድረኩ ላይ ወጣ። «ማነው ጥፋቱ? ሳውንድ ላይ ያለችው ናት?»

«የኔ ነው» አለ አለነ። «እሷን እንዳትናገራት።»

ዝግጅቱ ሲያልቅ ከአዳራሹ ጀርባ አገኘችው።

«ለምን ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም። የኔ ጥፋት ነው፣ የአምስት ዓመት ጥፋት።» ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ባቲውን ስታንጎራጉሪልኝ አወቅሁሽ፣ ማሬ።»

የትነበርሽ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። «አውቀህ ነው ቁጭ ብለህ የጠበቅኸኝ?»

«ይገባሽ ነበር። እኔ ያኔ ከሥራ እንዳልባረር ብዬ አንቺን ሰጠሁ። በኋላ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ። ስወድሽ ደግሞ የባሰ ፈራሁ።»

«በቀሌን እንኳ አንተ ሰጠኸኝ ማለት ነው» አለች። «በገዛ እጄ እንኳ እንዳልወስደው። እንደዚያ ከሆነ አልበቃኝም።»

«ምን ልሁንልሽ?»

«ለጌትነት ያልኸውን ውሸት ነው ብለህ አንሣ። ከዚያ ቁስቋም ና። ለእናቴ በአፍህ ንገራት።»

ለጌትነት የዚያኑ ዕለት ነገረው። ጌትነት እየሳቀ ሊተወው ነበር፤ አለነ ግን የባንዱ ሰዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ደጋገመው። በማግሥቱ በባንዱ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ተነገረው።

ማክሰኞ ቁስቋም ሄደ። ወይዘሮ ልዕልት ቆመው ሰሙት፤ ተቀመጥ አላሉትም። ሲጨርስ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አምስት ዓመት ያለ ጥፋቷ ወቀስኋት» አሉ። «እኔንም አብረህ ነው የበደልኸኝ። ውጣልኝ።»

ወጣ። የትነበርሽ እስከ በሩ ሸኘችው። እጁን ያዘችው፣ መንገደኛ እያየ።

በሰኔ የአለነ አጎት አያ ምንዳዬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ልጂቱን ሊጠይቁ ከትክል ድንጋይ መጡ። ወይዘሮ ልዕልት መለሷቸው። «አምስት ዓመት ይጠብቅ። እኛም ጠብቀናል» አሏቸው። በመስከረም ተመለሱ፤ ያው መልስ። የትነበርሽ አልለመነችም። በመካከሉ ከአለነ ጋር ሌላ ነገር ጀምራ ነበር፤ ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል፣ ከሥራ በኋላ፣ እሱ ስቲል ጊታሩን ሲጫወት እሷ ትዘፍናለች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ኅዳር ላይ መንገድ ላይ ያለ ሰው ቆሞ መስማት ጀመረ።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ገና ሳይናገሩ ወይዘሮ ልዕልት አስቆሟቸው።

«አያ ምንዳዬ፣ እርስዎ ደከሙ። ልጁ ራሱ ይግባ።»

ደጅ ቆሞ የነበረው አለነ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አሁንም አልወደድሁህም» አሉት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ሳልወድህ እሞት ይሆናል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

የትነበርሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እናቷ ወደሷ ዘወር አሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ እሱ።

«ትናንት ልብስ ስታጥብ ስትዘፍን ሰማኋት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰሙ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር በእጃቸው አመለከቱት።

«ተቀመጥ።»