የብርሃኔ የመጨረሻ መገጣጠሚያ

«የጦርነት ሬሳ ነው፤ ቶሎ ቅበሩት» ያለው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሳጅን ፀዳለ ግን አላስቀበረችም።

ቧንቧ ሠራተኛው ብርሃኔ አርብ ከሰዓት በኋላ ከመርሳ ከተማ በላይ፣ ራሱ ባስቆፈረው ቦይ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ናት፤ መብራት የለም፣ ፖሊስ ጣቢያው ተዘግቷል። ፀዳለ የወልድያ ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን የደንብ ልብሷን ጤፍ ከረጢት ውስጥ ደብቃ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ነርሷ ናጅዋ ስትጠራት «ሥልጣን የለኝም» ማለት ትችል ነበር። ያን ሰሞን ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበርና ቃሉ አስጠልቷታል።

በጤና ጣቢያው የቀረችው ጥቂት ኢንሱሊን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ማሽን ነው የምትቀዘቅዘው። ማሽኑ ከመድኃኒቱ የሚያወጣውን ሙቀት የምንጭ ውሃ ካልወሰደለት ግሎ ይቆማል። ብርሃኔ ውሃውን ከምንጭ አምጥቶ ሙቀቱን ይዞ የሚመልስ ቧንቧ ይዘረጋ ነበር፤ አገሬው በደቦ ይቆፍርለታል። ውሃው ካልደረሰ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ የሼህ አብዱልጀሊል ልጅ ቶይባም ያለዚያ መድኃኒት አትኖርም።

ፀዳለ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ማጅራቱን የመታው ጥይት ሳይሆን ከባድ ብረት ነው። በቀኝ መዳፉ ደረቅ ቃጫ ጨብጧል። ቧንቧ ሠሪ ውሃ እንዳያንጠባጥብ በቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጥመው ያ ቃጫ ነው።

«ሼህ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለች።

«ተጣልተናል። የብርቱካኔን ሥር ቆረጠብኝ» አሉ ሼሁ። «ብጣላስ ልጄ፣ የምገድለው የገዛ ልጄን መድኃኒት የሚያቆይልኝን ነው?»

«ከጁምዓ ሲመለሱ ምን አገኙ?»

«የመጨረሻው ቧንቧ ተገጥሟል፤ እሱ ወድቋል። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።»

መድኃኒት ቤት ያለው ዓለምነህ ላብ አጥምቆታል። «ሶላት ሳያልቅ ምሳ ይዤለት ወጥቼ ነበር። ከሩቅ ብጣራ ዝም አለኝ። ሥራ ይዞት መስሎኝ ተመለስኩ።»

ከባድ ብረት ሲያነሳ የሰነበተው መካኒኩ ዮሐንስ ግን ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። «ቆፋሪዎቹ ለጁምዓ ሲሄዱ እኔና እሱ ቀረን። የመጨረሻዋ መገጣጠሚያ ገና ነበረች። ትቼው ጤና ጣቢያ ወረድኩ።»

«እውነቱን ነው» አለች ናጅዋ። «አዛን ከተባለ ብዙም ሳይቆይ መጥቷል።»

«እንግዲህ እኔ ከሄድኩ በኋላ ገጥሞ ጨርሷል። ያኔ በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለና ዮሐንስ ሼሁን አየት አደረጋቸው። ሌሎችም አዩዋቸው። አብሮ ሲቆፍር የሰነበተ ሰው እንዲህ ሲተያይ ፀዳለን አናደዳት።

ቅዳሜ ጠዋት አውጫጭኝ አስጠራች። በዱሮው ደንብ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም አይነሳም። ሁሉም ቦዩ ዳር ተቀመጠ።

«ውሃውን ልቀቁት» አለች።

ውሃው ቁልቁል ወረደ። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ደረቅ ናቸው። የመጨረሻዋ ብቻ ማንጠባጠብ ጀመረች። ፀዳለ ውሃውን አዘግታ መገጣጠሚያዋን አስፈታች። በጥርሷ ላይ አንድ ክር ቃጫ የለም፤ የተለቀለቀው ጥቁር ግሪስ ነው።

«ብርሃኔ የሞተው ቃጫውን ሳይጠመጥም ነው፤ በእጁ ነበር። ስለዚህ ይህችን የገጠማት ገዳዩ ነው። ለምን? ሟቹ ቆይቶ የሞተ እንዲመስል። ዘግይተው የመጡትን ሼሁን ይህ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። ዓለምነህም ምሳ ይዞ የወጣው ዮሐንስ ከወረደ በኋላ ነው። የሚጠቅመው ቀድሞ የወረደውን ብቻ ነው። እጅ ደግሞ የለመደውን ይሠራል። ብሎን እንዳይዝግ ግሪስ የሚቀባ መካኒክ ነው።»

ዮሐንስ አልካደም። «ሚኒባሴን ታጣቂዎቹ ወስደውብኛል። የጤና ጣቢያው የፀሐይ ሰሌዳዎች ያሉበትን ካሳየኋቸው ሊመልሱልኝ ነበር። ዛሬ ላሳያቸው ቀጥሬ ነበር፤ ብርሃኔ ሰማና አላስኬድህም አለኝ» አለ። ከዚያ ሳቀ። «ደግሞስ ለማን ትከሺኛለሽ? ጣቢያ የለሽ፣ ዳኛ የለሽ።»

«ጣቢያው ይከፈታል» አለች ፀዳለ። «እስኪከፈት እኛ ዘንድ ትቆያለህ። የሚመሰክር ተነስቶ ስሙን ጮክ ብሎ ይናገር።»

ታጣቂዎቹ ከታች አስፋልቱ ላይ ናቸው፤ ድምፅ ይደርሳቸዋል። ሰው ስሙን የሚደብቅበት ወር ነበር። ሼሁ ጎንበስ ብለው በመገጣጠሚያዋ ላይ አዲስ ቃጫ እየጠመጠሙ ነው። ማንም ሳይጠብቀው መጀመሪያ የተነሳው ዓለምነህ ሆነ።

«ዓለምነህ» አለ።

«ናጅዋ።»

«አብዱልጀሊል» አሉ ሼሁ ቀና ሳይሉ።

ቶይባ የአባቷን ትከሻ ተደግፋ ቆመች። ከስታለች፤ ድምጿ ግን አልከሳም። «ቶይባ አብዱልጀሊል» አለች፣ አስፋልቱ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ።

ውሃው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ስሙን ያልተናገረ አልነበረም።