የሎሚ የደረት ራጅ

ሎሚ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በ1975 ጥር፣ ከሁሩታ ጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ በተመለሰች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞተች። ምን ዓይነት የተረገመ ቀን ነው! ወንድሟ መርዳሳ ባሏን ነጋሳን አንገቱን አንቆ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰው።

«ደብድቦ ገደላት! ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል!»

ሬሳዋ ሲመረመር የግራ ሳንባዋ ተበስቶ ስለተገኘ ነጋሳ ታሰረ። መርማሪው መቶ አለቃ ደገፋ ግን ችኩል ሰው አይደለም። ሬሳው ላይ ሰንበር ቢፈልግ አጣ። ጀርባዋ ላይ በግራ በኩል አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ አገኘ።

«እኔ የወጋሁበት ነው» አለ የጤና ረዳቱ አስፋው። «ሳንባዋ ሥር ውሃ ነበረባት። በራጁ ያየሁት በግራ ነው።»

«ስንት ውሃ ወጣ?»

አስፋው መሬት መሬት አየ። «ምንም። ረግቷል ብዬ ተውኩት።»

ደገፋ ራጁን ይዞ፣ ፊልሙን ወዳነሳችው ወደ ራጅ ባለሙያዋ እልፍነሽ፣ ናዝሬት ወረደ።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ይህን ማንበብ ያስተምሩኝ። አንድ ሰው ታስሮብኛል።»

«ፊልሙ ላይ ግራና ቀኝ የሚለየው ምልክታችን ከጠፋ ቆይቷል» አለች ፊልሙን መብራት ላይ እየሰቀለች። «ስለዚህ ልብን ይፈልጉ። ጫፉ ወደ በሽተኛዋ ግራ ያዘነብላል። ጥቁሩ አየር ነው፣ ከታች የነጣው ውሃ። ውሃው በየት በኩል ነው?»

ደገፋ አፍጥጦ አየ። «ከልቡ ጫፍ ማዶ... በቀኝ! የተወጋችው ግን በግራ ነው!»

«ምልክቱ ቢኖር ኖሮ...» እልፍነሽ እንባዋን በጋቢዋ ጠረገች።

በማግስቱ ሁሉንም ጤና ጣቢያው ሰበሰባቸው።

«ነጋሳ አልመታትም። ጎረቤት የሰማው፣ ትንፋሿ ሲቆም ድረሱልኝ ብሎ የጮኸውን ነው። አስፋው፣ ፊልሙን ያየኸው ተገልብጦ ነው። መርፌህ ደርቆ የወጣው ጤነኛውን ጎን ስለወጋህ ነው። ሳንባዋ ተበሳ፣ የሾለከው አየር ቀስ እያለ አፈናት። የልቧ ጫፍ ወደ ቀኝ ዞሮ ሲታይህ እንዴት አልገረመህም?»

«ነጩን ብቻ ነው የፈለግሁት» አለ አስፋው። «መብራት ጠፍቶ በመስኮት ብርሃን ነበር ያየሁት።»

«ፊልሙን ማን ያዘልህ?»

ምነው ይህችን ባልጠየቀ!

«እኔ ነኝ» አለ ነጋሳ። «ከፍ አድርገህ ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ። ከናዝሬት እንዳይታጠፍ አቅፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ በምን ታውቃለህ? ማወቅ የነበረበት እሱ ነው!» ደገፋ ካቴናውን ፈታለት። መርዳሳ ነጋሳ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነው።

ነጋሳ ግን ወደ መስኮቱ ሄደ።

«መቶ አለቃ፣ እኔንም ያስተምሩኝ። ልቧ የቱ ጋ ነው?»

ደገፋ ፊልሙን አስተካክሎ ያዘና በጣቱ አሳየው።

«ያ ሎሚ ኮ!» አለ ነጋሳ፤ በኦሮምኛ ሎሚዬ ማለቱ ነው። ከዚያም ጮኾ አለቀሰ።