በጨፋ በኩል ያለው ጭድ

ረቢአ እጇን እስከ ክርኗ ጉድጓዱ ውስጥ ከትታ ስትዳብስ ያልጠበቀችውን ነገር ጨበጠች፤ ጭድ!

አባቷ ሲራጅ ለአስር ሶላት ሲነሳ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የቀረውን አፈር ሙይልኝ፤ ድንጋይ ግን እንዳትጨምሪ» ብሏት ነበር። እንዳትጨምሪ የተባለች ልጅ ደግሞ ለምን ሳትል አታድርም፤ ረቢአማ ጭራሽ። የደመራው ምሰሶ ጉድጓዱ መሃል ላይ ቆሟል። በደሴ መንገድ በኩል ሥሩ በድንጋይ ጥርቅም ብሎ ተጠቅጥቋል። በጨፋ በኩል ግን ከላይ አፈር፣ ከታች ጭድ ነው።

«አሃ» አለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ምሰሶው እየተቃጠለ ወደ ጨፋ የወደቀው ለካ ለዚህ ነው።

ምሰሶው ወደ ጨፋ ሜዳ ከወደቀ ዓመቱ የጥጋብና የሰላም ነው ይላል የከሚሴ ሰው። ወደ ደሴ ከወደቀ ግን ጦርነቱ ይብሳል፤ ወታደር የሚጫነው በዚያ መንገድ ነዋ። ድሮ ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት በመስቀል «ወደ ራስህ ማሳ አጋደልከው» ተባብለው ዱላ ተማዘዙ። በኋላ «ለእስላሙ ለሲራጅ እንስጠው፤ በዓሉ የሱ ስላልሆነ ለማንም አያደላም» አሉና አካፋው የሱ ሆኖ ቀረ።

ረቢአ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ከፋት። አባቷ ሚዛን በጣቱ የሚጫን ነጋዴ መሰላት።

ጭዱን አውጥታ ዙሪያውን በድንጋይ እኩል ብትጠቀጥቀው፣ ዛሬ ማታ ምሰሶው በራሱ ይወድቃል። ወዴት? ይህን ማወቅ አማራት። አንድ እፍኝ ጭድ መዘዘች። ደገመች።

«አንቺ፣ አባትሽ የት ሄደ?»

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እትዬ ዝማም ናቸው፤ ሁለት ችቦ ይዘዋል። ረቢአ ጭዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችበት።

«ሶላት ሄዷል። ሁለት ችቦ ለማን ነው፣ እትዬ?»

«አንዱ የኔ፣ አንዱ የይመር። እስኪመጣ እኔ እለኩስለታለሁ።»

ልጃቸውን ይመርን የቀበሌው ሊቀመንበር ስሙን አንብቦ ለብሔራዊ ውትድርና ከላከው ሁለት ዓመት ሆነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ አምስት ወሩ ነው።

«አምና ወደ ጨፋ ሲወድቅ ያን ለት እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉ እትዬ ዝማም ምሰሶውን ቀና ብለው እያዩ። «ሌላ ሰው ቢተክለው አላምነውም ነበር። የሲራጅ እጅ ስለሆነ ነው።»

«ዘንድሮ ወደ ደሴ ቢወድቅስ?» ረቢአ ከአፏ አመለጣት።

ሴትየዋ ደህና ታስሮ የነበረውን የይመርን ችቦ ልጡን ፈቱና እንደገና አሰሩት።

«እንግዲህ እችለዋለኋ» አሉ። «ምን አደርጋለሁ።»

እሳቸው ሲሄዱ ረቢአ የድንጋዩን ክምር አየች። ከዚያ ጭዱን አንድ በአንድ ለቅማ መለሰችው። አፈሩን ሞላችና ቀስ ብላ ረገጠችው።

አባቷ ከመስጊድ ሲመለስ ጉድጓዱን አየ፤ ቀሚሷንም አየ።

«ድንጋይ ጨመርሽ?»

«አልጨመርኩም።»

ቀሚሷ ላይ የቀረችውን ጭድ አነሳና ኪሱ ከተታት።

ሲመሻሽ የሰፈሩ ሰው ከነልጁ ወጣ። ክርስቲያኑ ችቦውን ይዞ ደመራውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ሙስሊሙ ዳር ዳር ቆሞ አጨበጨበ። እትዬ ዝማም በሁለት እጃቸው ሁለት ችቦ ለኮሱ። እሳቱ ሲበረታ ምሰሶው ተወዛወዘ። ከዚያ ወደ ጨፋ ዘንበል ብሎ ወደቀ። ከእልልታው ሁሉ የእትዬ ዝማም ድምፅ ጎላ።

በራሱ ቢሆን ወዴት ይወድቅ ነበር? ረቢአ አሁንም ማወቅ አምሯታል። ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

«አባ» አለችው በሹክሹክታ፣ «የከርሞውን ጭድ እኔ አመጣለሁ።»