ሰባት ቀይ ረድፍ

የእትዬ ኢቶ ጣቶች ቀዩ ጥብጣብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ።

ቱዳ አጠገባቸው በዝቅተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከፊታቸው ድሩ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተወጥሮ ቆሟል፤ ከብጣሽ ጨርቅ የሚሠሩት ምንጣፍም ከሥሩ ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ ደርሷል። እትዬ ኢቶ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ በዚህ ቤት መኖር የጀመሩት ቱዳ ሳትወለድ ነው። ሲሸምኑ ድሩን አያዩም። ዓይናቸው በመስኮቱ አሻግሮ የጎረቤቱን ዶሮዎች ይከተላል፤ ጣታቸው ግን እያንዳንዱን ቁራጭ እየዳሰሰ ባለቤቱን ይጠራል። «ይሄ የእናትሽ የሙሽርነት መጋረጃ። ይሄ የወንድምሽ የባሱ ፒጃማ ነው፣ ስንቴ የሸናበት። ይሄ የአያትሽ ጥምጣም፣ ነፍሱን ይማርና።» አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

«የቱ?» አለች ቱዳ።

«ቀዩ።»

«ከገበያ ነው እትዬ። ከልባሽ ጨርቅ ሻጩ ነው የገዛሁት።»

እትዬ ኢቶ ጥብጣቡን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት። ለቀቁት። መልሰው ያዙት።

«ከገበያ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ የማውቀው መስሎኝ።»

«ከገበያ ነው» አለች ቱዳ ድጋሚ።

«እንግዲያ እጄም መርሳት ጀመረ» አሉ እትዬ ኢቶ። ለመሳቅ ሞከሩና ተዉት። ጥብጣቡን በድሩ መካከል አሳልፈው በብረት ማበጠሪያው መቱት። ከዚያ በኋላ ያንን ከሰዓት ሙሉ የማንንም ስም አልጠሩም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቱዳ እናት ራቅያ፣ «በተዝረከረከ ቤት ፆም አይገባም» ብላ ሣጥኑን ሁሉ ገለበጠችው። ሦስት አንሶላዎች ወለሉ ላይ ተዘረጉ፤ አንዱ ለሚሰጥ፣ አንዱ ለሚቀደድ፣ አንዱ ለሚቀመጥ። የሚቀመጠውን የሚጠብቁት እትዬ ኢቶ ነበሩ። «ከመስኮቱ ሥር ካለው አንሶላ ላይ አንዲት ክር እንዳትነኪ» አሏት።

የቱዳ ምንጣፍ ቀይ አልነበረውም። የሥዕል መምህሯ ከቤት ከሚጣል ነገር አንድ ሥራ ሠርታችሁ አምጡ ብለዋል፤ ትርኢቱ ሰኞ ነው። ለመቀደድ የወጣው ጨርቅ ግን ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ግራጫ ነው። ዝናብ ያዘለ ሰማይ ይመስላል እንጂ ምንጣፍ አይመስልም። እትዬ ኢቶ የከሰዓቱን ሶላት ሊሰግዱ ሲነሡ፣ በመስኮቱ ሥር ካለ አንድ የትራስ ልብስ ውስጥ ቀይ እጅጌ ብቅ ብሎ አየችው። ሳበችው። ከውስጥ ወደ ውጭ የተገለበጠ አሮጌ ካናቴራ ነው፤ ጀርባውን አይጥ በልቶታል። ይሄንን ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል? መቀሱን ከታችኛው ጠርዝ አስገብታ፣ ጥብጣቡ እንዳይበጠስ ዙሪያውን እያዞረች ቆረጠችው። ደረቱ ላይ ስትደርስ መቀሱ ወፍራም ነገር ነካና አልሄድ አለ።

ገለበጠችው። ነጭ ጨርቅ፣ በላዩ ጥቁር ቁጥር፤ 112።

ቁጥሩን ታውቀዋለች። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ አባቷ ሙሐ ቀጭን ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ ይሮጣል፤ ደረቱ ላይ ያለው ይኸው ቁጥር ነው። የወታደር ቡድኑን ወክሎ የሮጠበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ስለዚያ ቀን ብዙም አያወራም።

እትዬ ኢቶ ሰግደው ሳይመለሱ ቱዳ ቁጥሩን ከቀረው ጨርቅ ቆርጣ አወጣችው፤ ከሩጫ ጫማዋ የውስጥ ንጣፍ ሥርም ሸሸገችው። የቀረውንም በጥብጣብ ቆርጣ፣ ሁሉንም እንደ ኳስ ጠቅልላ ከሌሎቹ ጋር ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። ጨርቅ ከጨርቅ መካከል ካልተደበቀ የት ይደበቃል? ባዶውን የትራስ ልብስ አጥፋ ቦታው መለሰችው።

ሐሙስ ማታ አባቷ ከእንጨት ሥራው ሲመለስ ቅንድቡ ላይ የዝግባ ብናኝ ነበረበት።

«ቱዳ፣ ነይ እስቲ። እሁድ ምን ለብሰሽ ነው የምትሮጪው?»

እሁድ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች አገር አቋራጭ ውድድር ነው። «የትምህርት ቤቱን ቲሸርት» አለች።

«እሱንማ ሁሉም ይለብሰዋል» አለ ፈገግ ብሎ፤ ወደ ሣጥኑም ሄደ።

ሲመለስ ባዶውን የትራስ ልብስ ይዞ ነው። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውን አይተሽዋል?»

«እዚያው አስቀምጬዋለሁ» አሉ እትዬ ኢቶ። የትራሱን ልብስ ተቀብለው እጃቸውን ከቱት፤ እስከ ክርናቸው። «አስቀምጬዋለሁ ሙሐ። አስቀምጬው ... ነበር መሰለኝ።»

«ከሚሰጠው ጋር ተቀላቅሎ ሄዶ ይሆናል» አለች ራቅያ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያን ቀን ደክሞዎት ነበር።»

«ማንቆርቆሪያውንም እኮ አቃጥለውታል!» አለ የዘጠኝ ዓመቱ ባሱ። «ጥቁር፣ ከሰል!»

«ዝም በል አንተ!» እናቱ ጆሮውን ያዘችው።

«እውነቱን ነው» አሉ እትዬ ኢቶ። «ልጁን ተዪው።»

ቱዳ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» የምትለው ሁለት ቃል ነው። ቆጠረቻቸው። አባቷ የትራሱን ልብስ በአራት አጥፎ፣ አንዳች ነገር ያለበት ይመስል በሁለት እጁ ይዞት ወጣ። ቃላቱም ከሱ ጋር የወጡ መሰላት።

አርብ ኩስኩሱ ቀርቦ ሳለ፣ ከመክነስ ከተማ አጎቷ ዓሊ ደወለ። አባቷ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው፤ የአጎቷ ድምፅ ማዕዱን ሞላው።

«እትዬ ኢቶ እኛ ጋ ይምጡ ስል ስንት ጊዜዬ ነው? እኛ ቤት ደረጃ የለም፣ ሊፍት ነው። ምድጃው በራሱ ይጠፋል። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። እናንተ ጋ አንድ ቀን እሳት ቢነሣስ?»

«እሳት አልተነሣም» አለ ሙሐ።

«አልተነሣም! ማንቆርቆሪያው ራሱን ነው ያቃጠለው?»

ራቅያ ዱባውን ወደ እትዬ ኢቶ በኩል ገፋች። «እሳቸውን መሸኘት ፈልጌ አይደለም» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ግን አልታወቀም። «ግን ሥራ ስሄድ ልቤ እዚህ ነው የሚቀረው። እኔም ሰው ነኝ።»

ሙሐ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እትዬ ኢቶ ቀደሙት።

«እሄዳለሁ» አሉ። «ነገ ይምጣና ይውሰደኝ። ራሴ ሲረሳ እጄ አለ እል ነበር፤ አሁን እጄም ካደኝ። መክነስ ድር የለም። ድር በሌለበት እጄ ምን ብሎ ይዋሻል?»

ማንም አልበላም፤ ከባሱ በቀር። ቱዳ ማንኪያዋን ጨበጠች። ካሁን አሁን እናገራለሁ ስትል ምግቡ ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻ ልምምዷን ልትሮጥ ወጣች። «ጥንቸሏ! ነገ ኤሊ ትቀድምሻለች!» አለ ባሱ ከሰገነቱ ላይ። ሌላ ቀን ቢሆን ድንጋይ ታነሣበት ነበር። ዛሬ መንገዷን ቀጠለች።

ከተማቸው ኸኒፍራ ገና አልነቃችም። ዳቦ ቤቱ ብቻ ተከፍቷል። ወንዙ በሌሊቱ ዝናብ ሞልቶ፣ እንደ ጡብ ቀልቶ ይወርዳል። አሠልጣኟ ዳገቱን ስትወጪ ወደ ላይ አትዪ ይሏታል፤ ወደ ላይ አላየችም። ያሰበችው ስለ ግራ እግሯ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ ቁጥር ላይ ሮጣለች፤ ጨርቁ ተጨማዶ ተረከዟን ልጦታል። እየነደዳት ሮጠች። ሕመሙ በቂ ቅጣት ከሆነ፣ መናገር ላያስፈልጋት ይችላል። እንዲህ እያለች ድልድዩ ላይ ደረሰች።

ቆመች። ጫማዋን አውልቃ ቁጥሩን ከንጣፉ ሥር አወጣችው። ላብ አበስብሶታል፤ አንደኛውን ጫፍ ደም ነክቶታል። እጇን ከብረቱ አጥር ውጭ ዘረጋች። ጣቶቿን ብትከፍት ውሃው በአንድ ትንፋሽ ይወስደዋል። እትዬ ኢቶ መክነስ ይሄዳሉ። አባቷ ይረሳዋል። እሷ ነገ ትሮጣለች። ማን ያውቃል?

ነፋሱ ጨርቁን ገለበጠው። በጠርዙ ዙሪያ የቀረውን የድሮ ስፌት ያን ጊዜ አየች። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ በየሦስተኛው ላይ ክሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ተደግሟል። እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ማንጠልጠያ በዚሁ ስፌት ነው የተጠገነው፤ የባሱ ሱሪ ጉልበትም እንዲሁ። ቁጥሩን በአባቷ ካናቴራ ደረት ላይ የሰፉት እትዬ ኢቶ ናቸው። ያኔ ቱዳ አልነበረችም።

እጇን መለሰች። ጫማዋን አጠለቀች፤ ቁጥሩን ግን ወደ ሥሩ አልመለሰችውም። ጨብጣው ሮጠች።

የእትዬ ኢቶ ጓዝ በሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል። እሳቸው ድሩ ፊት ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ቢላዋ፣ እግራቸው ሥር ውሃ ያለበት ሳህን። ምንጣፉ አልቆ ከድሩ ሊቆረጥ ነው። ከመቆረጡ በፊት ውሃ ይረጩታል፤ ተጠምቶ መሞት የለበትም ይላሉ።

«መጣሽ? የሰኞውን ሥራሽን ሳልጨርስ አልሄድም ብዬ ነው» አሉ።

ቱዳ ለመናገር ትንፋሿ አልበቃትም። ቁጥሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ ኢቶ አላዩትም። በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፤ ጠርዙን ዞሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ድጋሚ። አንድ፣ ሁለት፣ ድጋሚ።

«ሰባት ረድፍ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ። «ሰባቱንም የሙሐ ነው እያልኩ ነው የሸመንኳቸው። ከዚያ አንቺ ያልሽው ይመጣብኛል።»

«ፈርቼ ነው እትዬ።»

«ማንን?»

ቱዳ መልስ ፈለገች። አባቷ መትቷት አያውቅም። እናቷ ትቆጣለች እንጂ ቁጣዋ ከሻይ በኋላ አይቆይም።

«ማንቆርቆሪያውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ኢቶ። «ትናንት አንቺን በሟች እህቴ ስም የጠራሁሽም እኔ ነኝ። እሱ የኔ ነው፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ይሄ ግን የኔ አልነበረም።»

ቱዳ እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ አለች። እትዬ ኢቶ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከታች የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። የአጎቷ ድምፅ ደረጃውን ሞላው፤ የባሱ እግር ተንደረደረ፤ የአባቷ ከባድ እርምጃ እስከ በሩ መጥቶ ጓዙን ሲያነሣ፣ ከዚያም ሲወርድ ተሰማት። ያመመውን ጉልበቱን በየደረጃው ያሳርፋል።

እትዬ ኢቶ ቢላዋውን አነሡ። «ልቁረጠው?»

«አይቆረጥ» አለች ቱዳ። «ገና ነው።»

ቁጥሩን ከጭናቸው አንሥታ ወጣች። ደረጃው አሥራ ስድስት ነው፤ ሌላ ጊዜ በሦስት ዝላይ ትጨርሰዋለች። ዛሬ አንድ በአንድ ወረደችው። የተላጠ ተረከዟ ይነድዳታል። ከኋላዋ ምንም አልተሰማም፤ ማበጠሪያውም፣ ቢላዋውም።

አባቷ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፍቶ ጓዙን በትከሻው እንደያዘ ቆሟል። አጎቷ ለጓዙ ቦታ ያመቻቻል፤ እናቷ ለመንገድ ያዘጋጀችውን የዳቦ ጥቅል ይዛለች።

«አባባ» አለች ቱዳ።

ዞረ።

«ጓዙን አውርደው» አለች፤ የጨበጠችውን እጇንም ከፈተች።