ቀለም የተቀባው መስታወት

ሸረፈዲን የተገኘው በብየዳ ማሠልጠኛው ወርክሾፕ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የብየዳ ማስክ ፊቱ ላይ ነበር፤ የኤሌክትሮድ መያዣው ቀኝ እጁ ሥር፣ ብረት የሚጠፈርበት ሞርሳ ደግሞ ራስጌው ላይ። በአምሳ ሁለት ዓመቱ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ፣ ብየዳ ልማር ብሎ ከደሴ ዙሪያ ኮምቦልቻ የወረደ ገበሬ ነው። ሰው ሁሉ «ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ሲወድቅ ሞርሳው መታው» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

ኢንስፔክተር ቢልቂስ ከደሴ ተጠርታ ስትደርስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሃያ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለችና ሬሳ አያስጠላትም። የሚያስጠላት ሬሳ ከብቦ የሚያወራው ሰው ነው። ዛሬም ገና ግቢውን ስትረግጥ ሠልጣኞቹ ተሰብስበው ሟቹን ሲያሙት ሰማችና ቅርንፉድ አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተች። ሲያቅለሸልሻት እንዲህ ታደርጋለች።

«ምን በድሏችሁ ነው?» አለች።

ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተቀንሳ ብየዳ የገባችው ፊርደውስ ቀድማ መለሰች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ እሱ ሰው አይደለም። ማስኩ ዓይናችንን ጨረሰው። ካልተቀየረ ማንም ኤሌክትሮድ አይነካም ብለን ተማማልን፤ ዛሬ አምስት ቀናችን። ያስማለን ማን ሆነና? እሱ ራሱ! እኛን ወላሂ አስብሎ፣ ምዘናው ሲደርስ ተደብቆ ሊለማመድ መጣ።»

«አንቺ መሐላውን ወደሽው ነበር?»

«አልወደድኩትም። ምዘናው ካለፈኝ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ተጣልቼዋለሁ፣ አልደብቅም። ግን ምያለሁና እጄን ሰበሰብኩ።»

ከኋላዋ አንዱ «ቀብሩም ላይ አንቆምም» ሲል ተሰማ። ማንም ዝም በል አላለውም።

የሟቹ ሚስት ሐዋ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ቢልቂስ ስትጠጋት ቀና ብላ አየቻት። «ሞቱስ የአላህ ነው፣ እህቴ። ቃሉን በልቶ ሞተ የሚሉት ነው የገደለኝ። ባሌን አውቀዋለሁ። ከዙህር ሰላት በኋላ ይቀበራል፤ ይህን ስም ተሸክሞ አፈር ሊገባ ነው?»

«አብሽሪ» አለቻት ቢልቂስ። «እስከ ዙህር ጊዜ አለን።»

ገብታ ሬሳውን በጥንቃቄ አገላበጠች። ማስኩን ከፊቱ አንሥታ ጣቷን በማስኩ መመልከቻ ቀዳዳ ብትሰድ በሌላው በኩል ወጣ። መስታወት የለውም። ውስጡ ግን ደም ቋጥሯል፤ ብዙ ደም። የሟቹን የኮት ኪስ ስትፈትሽ በመሐረብ የተጠቀለለ ጥቁር መስታወት አገኘች። በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ጥቁረቱ ተላጠ። ተራ የመስኮት መስታወት ነው፣ ቀለም የተቀባ፤ የብየዳን ጨረር አያግድም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አራት ማስኮች አንድ በአንድ ፋቀቻቸው። ሁሉም ያው ነው። ይህን ሰው ዓይን ላይ ያደረገ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው ብላ ቅርንፉዱን ነከሰች።

ቀለሙ የሚባለው አሰልጣኝ ከኋላዋ ቆሟል። ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ትናንት ማን ገባ?»

«ማንም ሊገባ ይችላል፣ ኢንስፔክተር። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ዘበኛው ለአስር ሰላት ወጥቶ ይቆያል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውስጡን ሳያይ ይቆልፋል።»

«እስቲ ይህን ተመልከት» አለችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብረት አሳየችው። አንድ ጎርባጣ የብየዳ መስመር አለበት፤ ኤሌክትሮዱ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። «ሸረፈዲን እንዲህ ነው የሚሠራው?»

ቀለሙ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «አይደለም። ይህ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው። ሸረፈዲን ማጣበቅ ከተወ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከሠልጣኞቹ እንዲህ የሚሠራ አንድም የለም።»

«ያንተ ማስክ የት አለ?»

«የራሴ አለኝ። ሁልጊዜ ቤቴ ይዤው ነው የምገባው።»

«እነዚህን ታውቃቸው ነበር?»

ቀለሙ ወደ መሬት አየ። «እንጀራ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። ቢልቂስ እንደ ውሻ ልትጮህበት ከጅሏት ተወችው።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ሀምዲን ቢሮው ውስጥ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ጥቁር መነፅር አድርጎ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዕንባው አገጩ ድረስ ይወርዳል። ሊያጽናኑት የመጡ ሽማግሌዎች «አንጀቱ እንዴት ይራራል!» እያሉ ወጡ።

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?» አለችው።

«ደሴ፣ ሰኞ ገበያ። ደስ ይበላቸው ብዬ ሌላ መስታወት ስፈልግላቸው። ዛሬ በማለዳ መኪና ተሳፍሬ ወረድኩ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ጩኸቱን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዕንባዬ አልቆመም።»

«የድሮዎቹ መስታወቶች ምን ሆኑ?»

«አንደኛ ደረጃ ናቸው! ራሴ ነኝ የመረጥኳቸው። ገበሬ ዓይኑን በቆሻሻ እጁ ያሽና መስታወቱን ይከሳል።»

«እርስዎ ይበይዳሉ?»

«እኔ? ኤሌክትሮድ ጨብጬ አላውቅም። ይህን ከሚጨብጡት ይጠይቁ።»

ከግቢው ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ትህትና የሠልጣኞቹ ሐኪም መሆኗን በኩራት ነው የተናገረችው። «ቀን ይበይዳሉ፣ ምንም አይሉም። ሌሊት ነው ጉዱ። ጠዋት ዓይናቸው አሸዋ እንደተበተነበት ቀልቶ፣ እያነባ ይመጣሉ። ድንች ከትፌ እለጥፍላቸዋለሁ። ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ይተዋቸዋል። አሁን ሥራ ካቆሙ ወዲህ አርፌ ነበር።»

«ዛሬም አረፍሽ?»

«ዛሬስ አንድ ሰው መጣብኝ። ብርድ መታኝ አለኝ፣ እኔ ግን ብርዱን ከብየዳው እለየዋለሁ። ድንቼን ሰጠሁት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አንድ ሰዓት። በሩ ገና አልተከፈተም።»

የሰውየውን ስም ስትነግራት ቢልቂስን አልገረማትም። ወዲያው ሬሳው ከተወሰደበት ሐኪም ቤት ተደወለላት። ሐኪሙ የነገራትን ሰምታ ስልኩን ዘጋችና ሌላ ቅርንፉድ አፏ ውስጥ ከተተች።

አምስት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐዋንም እጇን ይዛ አስገባቻት።

«ሸረፈዲን ሊበይድ አልመጣም» ብላ ጀመረች። «ፊቱ ላይ የተገኘው ማስክ መስታወት የለውም። መስታወቱን ያወጣው ራሱ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ማስረጃ አድርጎ ለሚመለከተው ሊያሳይ ሳይሆን አይቀርም። በባዶ ማስክ የሚበይድ እብድ አለ?»

ሠልጣኞቹ ተያዩ።

«ታዲያ በያጁ ማነው? ብረቱን እዩት። ከእናንተ የመጨረሻው ሰነፍ እንኳ እንዲህ አይሠራም። አሰልጣኙ አውቆ ሊያበላሸው ይችል ይሆናል፤ ግን የራሱ ማስክ ያለው ሰው ዓይኑ ደህና ያድር ነበር። የዚህ በያጅ ዓይን ደህና አላደረም። ሲበይድ ሞተ እንዲባል፣ ማስኩ ባዶ መሆኑን በድንጋጤ ሳያይ ለሟቹ አለበሰው፤ ኪሱንም አልፈተሸም፤ ለራሱ ከግድግዳው አንዱን አወረደ፣ ቀለም የተቀባውን። ወዲያው ስላላመመው ደህና መሰለው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ብየዳ ግን እያደር ነው የሚያቃጥለው። ይህን እናንተ በየሌሊቱ አይታችሁታል። ቢሮ የሚውል ሰው ከየት ያውቀዋል?»

ዞር ብላ ከግድግዳው አንድ ማስክ አወረደችና ለሀምዲን ዘረጋችለት። «ቀለሙ፣ ማሽኑን አብራ። ኃላፊው አንደኛ ደረጃ ያሉትን መስታወት አድርገው ብርሃኑን ይመልከቱልን።»

ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነክቶ ቦግ ሲል ሀምዲን ማስኩን ወርውሮ፣ ፊቱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «አጥፉት! ዓይኔን! በአላህ አጥፉት!»

«ሐዘንተኛ ብርሃን አይፈራም» አለች ቢልቂስ። «አምስት ቀን ሙሉ እዚህ ብየዳ አልተነካም፤ የሁሉም ዓይን ድኗል። ዛሬ የሚያነባው ያንተ ብቻ ነው። ሞቱን ሁለት ሰዓት ላይ ሰማሁ አልክ። አንድ ሰዓት ላይ ግን ትህትና ዓይንህ ላይ ድንች ስትለጥፍልህ ነበር። ገና ላልሰማኸው ሞት ማልቀስ ከየት ተማርክ?»

«ሰኞ ገበያ ነበርኩ...»

«ሰኞ ገበያ ግርግር ነው፣ አየሁህም አላየሁህም የሚል አይገኝም። ለዚህ ነው የመረጥከው።»

ሀምዲን ተንሸራትቶ መሬት ተቀመጠ። «መስታወቱን አምጣ አልኩት፣ እምቢ አለ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው! ወድቆ ሞተ።»

«አልሞተም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሐኪሙ ኤሌክትሪክ የነካው ምልክት የለም ብሏል። ደሙ ማስኩ ውስጥ የሞላው እየተነፈሰ ስለነበረ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቷል። አንተ ማስክ ስታለብሰውና አጠገቡ ብየዳ ስትሞክር ሰውየው በሕይወት ነበር። ሐኪም ቤቱ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው።»

ሐዋ አላለቀሰችም። ፊርደውስንና ሌሎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ቃሉን አልበላም አይደል?» አለች።

ፊርደውስ እግሯ ላይ ወደቀች። «አውፍ በይን፣ ወላሂ አላወቅንም።» ወንዶቹም ጀናዛውን እኛ ካልተሸከምን ብለው እርስ በርስ መሻማት ጀመሩ። ቢልቂስ ይህንንም በመጸየፍ ነው ያየችው፤ ጠዋት ቀብሩ ላይ አንቆምም ያለው ሰውዬ አሁን ከፊት ቆሟል።

ፖሊሶቹ ሀምዲንን ደግፈው ሲያወጡት የቀትሩ ፀሐይ ፊቱ ላይ አረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ በዳበሳ እጅዋን ፈለገ። «ኢንስፔክተር፣ ልታወር ነው። ሐኪም ቤት አድርሱኝ። ቅርብ እኮ ነው።»

«ትናንትም ቅርብ ነበር» አለች ቢልቂስ።

ሕጉ ስለሚያስገድዳት መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት አዘዘች። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጅዋን ደጋግማ ታጠበች።